የሕግ ምክር፦ ሳይመዘገብ የቀረ የአርክቴክት የሥራ ልምድ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ አርክቴክቸር ተምሬ አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ወደ አሜሪካ መጣሁ። እዚህ በአርክቴክት ቢሮ ሙሉ ጊዜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ግማሹን በቀድሞው ቢሮ፣ ግማሹን አሁን ባለሁበት። የፈቃዱን ነገር ነገ ዛሬ እያልኩ አንድም ሰዓት አላስመዘገብኩም። ባልደረባዬ «ለፈቃድ የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ድሮ 5,600 ሰዓት ነበር፤ አሁን ወደ 3,740 ወርዷል፤ አንቺ እኮ አልፈሽዋል» ትለኛለች። እውነት ነው? የቀድሞው አለቃዬ አልፈርምም ቢለኝስ ምን አደርጋለሁ? ቢሮዬ ደግሞ በቢዝነስ ካርዴ ላይ «አርክቴክት» ብሎ አትሞልኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ ባልደረባዎ የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው፤ ድምዳሜያቸው ግን አያስኬድም። እርስዎም በደብዳቤዎ አንድ ዋና ነገር ዘለዋል፤ የሚኖሩበትን ግዛት አልነገሩኝም።

በአሜሪካ የአርክቴክት ፈቃድ የሚሰጥ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ ቦርድ ነው። የሰማችሁት ቁጥር የወጣው ግን ኤንካርብ ከተባለው፣ 55 ፈቃድ ሰጪ ቦርዶችን በአባልነት ከያዘው ብሔራዊ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ልምድ ይመዘግባል፣ ፈተና ያዘጋጃል፤ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ግን የለውም። የእርሱ 3,740 ሰዓት እርስዎን የሚመለከት ሕግ የሚሆነው ግዛትዎ በሕጉ ወይም በደንቡ እስከተቀበለው ድረስ ነው። አንዳንዱ ግዛት ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ኒውዮርክ ትምህርትንና ልምድን ደምራ 12 ዓመት ትቆጥራለች። ካሊፎርኒያ በተመሳሳይ ስሌት 8 ዓመት ከጠየቀች በኋላ የራሷን ተጨማሪ ፈተና ታስከትላለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከግዛትዎ ቦርድ ደንብ ጋር መመሳከር አለበት።

ወደ ለውጡ ልምጣ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የምክር ቤቱ የልምድ መርሐ ግብር 5,600 ሰዓት ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን አመልካቹ በምርጫው የሚሞላው 1,860 ሰዓት ተነሥቶ ዋናው 3,740 ብቻ ቀረ። በ2016 ደግሞ የመርሐ ግብሩ ስም ኤኤክስፒ (የአርክቴክት ልምድ መርሐ ግብር) ተብሎ ሥራው በስድስት ዘርፍ ተከፈለ። ይህ ሁሉ የሆነው እርስዎ እዚህ አገር ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ነው። የቀረልዎት ሸክም የለም፤ ከመጀመሪያውም የሚመለከትዎት 3,740ው ነበር።

የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው እምብዛም በማይወራለት ሌላ ለውጥ ነው፤ እርሱም የማስመዝገቢያው ጊዜ ገደብ ነው። ሥራው በተሠራ በስምንት ወር ውስጥ የተመዘገበ ሰዓት ሙሉ ዋጋ አለው። ከስምንት ወር በላይ የቆየ ሥራ ቀድሞ ጨርሶ ይቀር ነበር፤ በ2014 በወጣው ማሻሻያ ግን እስከ አምስት ዓመት ድረስ በግማሽ ዋጋ እንዲያዝ ተፈቀደ። ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው በዚህ መንገድ አይቆጠርም። ሰዓትዎን በሚያስገቡበት ቀን በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ አውጥተው ያንብቡ፤ የሚዳኙት ሥራውን ስትሠሩ በነበረው ሳይሆን በዚያ ቀን በሚሠራው ነው።

እስቲ እናስላው። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት በግምት 2,000 ሰዓት ይሠራል። አሁን ባሉበት ቢሮ ካሳለፉት ሦስት ዓመት የመጨረሻው ስምንት ወር 1,330 ያህል ይሰጥዎታል። የቀረው ሁለት ዓመት ከአራት ወር በግማሽ ተቆጥሮ 2,330 ይሆናል። ድምሩ 3,660 አካባቢ ነው፤ ለመሙላት የሚጎድለው የጥቂት ሳምንት ሥራ ብቻ ነው። ከቀድሞው ቢሮ ደግሞ በአምስት ዓመቱ ክልል ውስጥ የሚወድቀው ሁለት ዓመት፣ በግማሽ 2,000 ሰዓት ይጨምራል። የመጀመሪያው ዓመት ቀርቷል፤ ከእንግዲህ በዘገዩ ቁጥር ደግሞ ከኋላ በኩል እየተሸረፈ ይሄዳል።

በድምሩ ደስ አይበልዎት፤ ሥራው የሚከብደው በክፍፍሉ ላይ ነው። ከ3,740ው ውስጥ የቢሮ አስተዳደር 160፣ የፕሮጀክት አስተዳደር 360፣ የፍላጎትና የቦታ ጥናት 260፣ ዕቅድና ዲዛይን 1,080፣ ዝርዝር ሥዕልና ሰነድ ዝግጅት 1,520፣ የግንባታ ክትትልና ግምገማ 360 ሰዓት ነው። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። ከዓመት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የግንባታ ሥዕል የሚያወጣ ሰው 1,520ውን ሁለት ጊዜ ሊሞላ ይችላል፤ የግንባታ ቦታ ረግጦ ካላየ፣ ስለ ውልና ስለ በጀት በሚመከርበት ስብሰባ ካልተቀመጠ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ያለፈው በግማሽ ስለሚያዝ፣ 360 የግንባታ ክትትል ሰዓት ከድሮው ሥራ ለመሙላት 720 ሰዓት ሠርተው መገኘት አለብዎት። ስለዚህ አለቃዎን ከአሁን በኋላ በጎደለዎት ዘርፍ እንዲመድብዎ ይጠይቁ። አዲስ የሚሠሩት በሙሉ ዋጋ ይያዛል።

ከጠቅላላው ቢያንስ 1,860 ሰዓት በአርክቴክት ቢሮ ውስጥ፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፈቃድ ባለው አርክቴክት ቁጥጥር ሥር የተሠራ መሆን አለበት። (ይህ ቁጥር ከተሰረዘው የምርጫ ሰዓት ጋር መግጠሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ግንኙነት የላቸውም።) በውጭ አገር አርክቴክት ሥር የተሠራ ሥራም ከ1,860ው ውጪ ባለው ምድብ ቦታ አለው፤ የአዲስ አበባው አራት ዓመት ግን አምስት ዓመት አልፎታል። ለእንዲህ ያለው አሮጌ ልምድ ከ2016 ጀምሮ የተከፈተ የሥራ ማኅደር የሚባል መንገድ አለ፤ በሰዓት ፈንታ 96ቱን የሥራ ተግባራት በማስረጃ አንድ በአንድ ማሳየት ይጠይቃል። እኔ ለእርስዎ አልመርጠውም። ልፋቱ ብዙ ነው፤ በሰዓቱ መንገድ ደግሞ ከግቡ አጠገብ ነዎት።

የቀድሞው አለቃዎ የሚያረጋግጡት ራሳቸው የተቆጣጠሩትን ሥራ ነው። ፈርሙ ብሎ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም። አገር ቤት ሠራተኛ ሲለቅ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ተደንግጓል፤ እዚህ ግን የግል ቀጣሪን እንዲህ የሚያዝ የፌዴራል ሕግ አያገኙም። ቀጣሪዎች የደመወዝ መዝገብን ለሦስት ዓመት፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ካርድን ለሁለት ዓመት እንዲያቆዩ የፌዴራሉ ሕግ ያዛል፤ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጪ ለሆነ ባለ ወር ደመወዝ ሠራተኛ ግን ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ የለባቸውም። ከቀድሞው ቢሮ ከወጡ ሦስት ዓመት ስለሞላ ወረቀቱ ቢጠፋ አይገርምም። በእጅዎ ያለውን ኢሜይል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ስምዎ ያለበትን ሥዕል አሁኑኑ ይሰብስቡ፤ ለአለቃዎ በዘርፍና በወር የተከፈለ ዝርዝር አዘጋጅተው በትሕትና ይላኩ። ብዙ ሰው እንቢ የሚለው በክፋት ሳይሆን የማያስታውሰውን ላለመፈረም ነው። እንቢ ቢሉም ከላይ እንዳሰላነው የእርሳቸው ሰዓት ጉድለት መሙያ ነው እንጂ መሠረትዎ አይደለም፤ በእርሳቸው ላይ ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ አያውጡ። ያልተቆጣጠረዎትን ወዳጅ ፈርምልኝ ማለትን ግን አያስቡት። የሐሰት ማረጋገጫ የእርስዎን መዝገብ ያሳግዳል፤ የፈራሚውንም ፈቃድ ለቅጣት ይዳርጋል።

የቢዝነስ ካርዱ ችግር አለው፤ ያውም ከሁሉም የሚያስቸኩለው እርሱ ነው። ያለ ፈቃድ «አርክቴክት» በሚል መጠሪያ መጠቀም በግዛቶቹ ሕግ ክልክል ነው። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከ100 እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። «ያተመልኝ ቢሮዬ ነው» የሚለው መልስ ከኃላፊነት አያድንዎትም፤ ነገ ማመልከቻዎን የሚመረምረውም ይኸው ቦርድ ነው። በኢትዮጵያ ፈቃድ የነበረዎት ቢሆን እንኳ እዚህ መጠሪያውን ለመጠቀም አያበቃም። ካርዱን መጠቀም ያቁሙ፤ በኢሜይል ፊርማዎና በማኅበራዊ ገጾችዎ ያለውንም ዛሬ ያስተካክሉ። «ዲዛይነር» ቢሉ በአብዛኛው አያስጠይቅም፤ ከስሙ ላይ «አርክቴክት» የሚል ቃል ያለበት ማንኛውም ሌላ መጠሪያ ግን በግዛትዎ መፈቀዱን ቦርዱን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ። በዚያው ደብዳቤ ከ3,740ው ሰዓት በላይ ምን እንደሚጠየቁና የውጭ ዲግሪዎ እንዴት እንደሚገመገም ይጠይቁ። የምክር ቤቱን መዝገብ ለመክፈት ግን የቦርዱን መልስ አይጠብቁ።