አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይጮህ ሲዋሽ

ጥያቄ፦ «በላፕቶፔ ላይ የሉዋ 5.1 (የፕሮግራም ቋንቋ) አስተርጓሚን ለአንድ አሮጌ የሊኑክስ ሰሌዳ ኮምፓይል አደረግሁ። የሰሌዳው ፕሮሰሰር አርም 926 ኢጄ-ኤስ፣ ማለትም የአርምቪ5 ትውልድ ነው። ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ‹ኢሊጋል ኢንስትራክሽን› ብሎ ይሞታል፤ ኮምፓይለሩ በአርምቪ5 ትእዛዞች ብቻ እንዲሠራ ባዘውም ያው ነው። ጓደኛዬ በሌላ ኮምፓይለር ሠርቶልኝ አስተርጓሚው ተነሣ። አሁን ደግሞ ራሴ በሲ የጻፍሁት ሞጁል ከፋይል የሚያነበው የርዝመት ቁጥር የተሳሳተ ሆነ። በየመዝገቡ አንድ ባይት የዓይነት ምልክት አለ፤ ርዝመቱ በቀጣዮቹ አራት ባይቶች ይቀመጣል። ያው ፕሮግራም፣ ያው ፋይል፣ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ፕሮሰሰር በሚያስመስለው በኪውኢሙ ሲሄድ ትክክል ነው። ሰሌዳው ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ሰሌዳው ጤነኛ ነውና አይጣሉት። ሁለቱ ችግሮች ተከታትለው ስለመጡ ዘመዳሞች ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም። የመጀመሪያው ጮሆ የሚሞት በመሆኑ ብዙም አያስቸግርም።

ለኮምፓይለሩ የሰጡት ትእዛዝ የሚሠራው እርስዎ በሰጡት ምንጭ ኮድ ላይ ብቻ ነው። አብረውት የመጡት የሲ ላይብረሪ እና ከሜይን በፊት የሚሮጠው የማስነሻ ኮድ ቀድመው ኮምፓይል ተደርገው ያለቁ ናቸው፤ ለኋለኛው ትውልድ ለአርምቪ7 ከተዘጋጁ እርስዎ ምንም ቢያዙ አይለወጡም። ለማረጋገጥ በተጠናቀቀው ፋይል ላይ የፕሮግራም ፋይልን ይዘት የሚያሳየውን ሪድኤልፍን በትልቁ «ኤ» አማራጭ ያስኪዱ። ሊንከሩ (ቁርጥራጮችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገጣጥመው) ካገጣጠማቸው ቁርጥራጮች መካከል ከፍተኛውን የፕሮሰሰር ደረጃ ስለሚመዘግብ፣ «ቪ7» የሚል ካዩ ጥፋተኛውን አገኙት ማለት ነው። የሞተበትን ትእዛዝ ራሱን ማየት ከፈለጉ ሰሌዳው ላይ ትንሹን ጂዲቢሰርቨር፣ ላፕቶፑ ላይ ሙሉውን የስሕተት መፈለጊያ ጂዲቢን ያስነሡና ፕሮግራሙ የቆመበትን አድራሻ ወደ አሰምብሊ ያስፍቱ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ሞቭደብልዩ» ነው፤ 16 ቢት ቁጥርን በአንድ ትእዛዝ ወደ ሬጅስተር የሚጭን ሲሆን አርምቪ5 ጨርሶ አያውቀውም።

መድኃኒቱ ለትንንሽ ሰሌዳዎች ሙሉ ሊኑክስ በሚሠራው በቢልድሩት ውስጥ አርም926ቲን መርጦ ኮምፓይለሩንም ላይብረሪውንም አንድ ላይ መሥራት ነው። የሰሌዳዎ ከርነል ከ2.6 ዘመን ከሆነ ግን ከሁለቱ የሲ ላይብረሪዎች ግሊብሲን ይተዉትና ሙስልን ይምረጡ፤ ግሊብሲ በአርም ላይ ከ2.24 ወዲህ ከ3.2 በታች ያለውን ከርነል «አርጅቷል» ብሎ አልነሣም ይላል። ይህ ዕጣ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ አርምቪ6 ነበር፤ አርምኤችኤፍ የተባለው የዴቢያን ሊኑክስ የአርም እትም ደግሞ ለአርምቪ7 የተሠራ በመሆኑ አልሄደለትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለፓይ የተዘጋጀው ራስፕቢያን ፓኬጆቹን እንደገና ኮምፓይል አድርጎ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ፤ እውነተኛው ሥራ ያለው እዚህ ነው። በሞጁልዎ ውስጥ የዓይነቱን ባይት ካለፉ በኋላ ፖይንተሩን (የሚሞሪ አድራሻ የያዘውን ተለዋዋጭ) ወደ 32 ቢት ቁጥር ፖይንተር ለውጠው በቀጥታ ያነቡ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አራት ባይት የሚያነቡት ለአራት ከማይካፈል አድራሻ ላይ ነው። ከአድራሻ 0 ጀምሮ በሚሞሪው ውስጥ 11፣ 22፣ 33፣ 44፣ 55 የሚሉ ባይቶች (በሄክሳዴሲማል) ተደርድረዋል እንበል። ከአድራሻ 1 ሲያነቡ የሚጠብቁት 55443322 ነው። አርምቪ5 የሚሰጥዎት ግን 11443322 ነው። አድራሻውን ወደ 0 ዝቅ አድርጎ 44332211ን ያነብና፣ በልዩነቱ ልክ ስምንት ቢት ወደ ቀኝ ያሽከረክረዋል። የታችኞቹ ሦስት ባይቶች ትክክል ናቸው፤ የላይኛው ባይት ደግሞ የእርስዎ የዓይነት ምልክት ነው! የተሳሳተውን ርዝመት በሄክሳዴሲማል አትመው ይዩት፤ ላይኛው ባይት የዓይነቱ ምልክት ሆኖ ከተገኘ ሌላ ማስረጃ አያሻዎትም። ሲጽፍ ደግሞ ይብሳል፤ የአድራሻውን የታችኛ ቢቶች ችላ ብሎ ዝቅ ያለው አድራሻ ላይ ስለሚጽፍ ያልነኩትን ጎረቤት ባይት ያጠፋብዎታል። በሬ ወለደ ይልዎታል እንጂ አንድም የስሕተት መልእክት አያወጣም።

ኪውኢሙ ይህን ያልያዘው ንባቡን መጨረሻ ላይ የሚፈጽመው የላፕቶፕዎ ፕሮሰሰር ስለሆነ ነው። ይህ ኤክስ86 የተባለ የፕሮሰሰር ዓይነት ከየትኛውም አድራሻ አስተካክሎ ያነባል። ስለዚህ ኪውኢሙ ላይ ማለፉ በዚህ ጉዳይ ምስክር ሊሆን አይችልም።

መጀመሪያ ሰሌዳው እንዲጮህ ያድርጉት። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነው በፕሮክ ሥር፣ በሲፒዩ ውስጥ ያለውን «አላይንመንት» የተባለ ፋይል ይክፈቱ። እንዲህ ያለ ንባብ ስንት ጊዜ እንደተያዘ የሚቆጥሩ መስመሮች ያገኛሉ፤ ከታች ደግሞ አሁን ያለበት ሁኔታ ተጽፏል። 0 ከሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። 5 ይጻፉበት፤ ከዚያ በኋላ ከርነሉ የፕሮግራሙን ስም፣ ትእዛዙ ያለበትን አድራሻና ሊነበብ የተሞከረውን አድራሻ በመልእክቱ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ፕሮግራሙንም ሲግባስ በተባለ የማቋረጫ ምልክት ይገድለዋል። የትእዛዙን አድራሻ ለጂዲቢ ሲሰጡት ከነመስመር ቁጥሩ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ያሳይዎታል። ሥራዎን ሲጨርሱ የቀድሞውን ቁጥር ይመልሱ፤ አለበለዚያ በሰሌዳው ላይ ያሉ ሌሎች ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ኃጢአት ካለባቸው አብረው ይሞታሉ።

«2 ጻፍበትና ተገላገል» የሚል ምክር መስማትዎ አይቀርም። እውነት ነው፣ 2 ሲጻፍ ከርነሉ ራሱ እያስተካከለ ትክክለኛውን ቁጥር ይመልሳል። ግን እያንዳንዱ ንባብ ወደ ከርነል ደርሶ መልስ ስለሚሆን እንዲህ ባለ ቀርፋፋ ፕሮሰሰር ላይ በደንብ ይሰማል፤ ኮድዎም እንደታመመ ይቀራል። ኮዱን ለያዘው ደንበኛ እስኪታረም ድረስ ማስታገሻ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለራስዎ ሥራ አልመክርዎትም።

እርማቱ አንድ መስመር ነው፦ አራቱን ባይቶች ባይት በሚቀዳው የሲ ፈንክሽን በሜምኮፒ ወደ 32 ቢት ተለዋዋጭ ይቅዱ። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ ለሜምኮፒ የሚሰጡት ፖይንተር የባይት ፖይንተር ሆኖ የቆየ መሆን አለበት። መንገድ ላይ ወደ 32 ቢት ፖይንተር ከለወጡት ኮምፓይለሩ ጂሲሲ «አድራሻው ለአራት ይካፈላል» ብሎ ያምንና ያንኑ መጥፎ ንባብ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ቀሪዎቹን ጥፋቶች ለማደን ደግሞ ሰሌዳውን አያድክሙ። ሞጁሉን ለላፕቶፑ ራሱ ኮምፓይል ሲያደርጉ የጂሲሲን የአላይንመንት ሳኒታይዘር (ያልተስተካከለ አድራሻን የሚፈትሽ አማራጭ) ያብሩ፤ ኤክስ86 ምሕረት የሚያደርግላቸውን ንባቦች አንድ በአንድ ያጋልጣል።

እግረ መንገድዎን ሁለት ነገር ይዩ። ጂሲሲ ለአርም ሊኑክስ ሲሠራ «ቻር»ን ምልክት አልባ፣ ለኤክስ86 ደግሞ ባለ ምልክት ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ቻሩ ከ0 ካነሰ» የሚል ፍተሻ ካለዎት ሰሌዳው ላይ መቼም እውነት አይሆንም። «ሳይንድ ቻር» ብለው በግልጽ ይጻፉት። የሉዋ ስክሪፕቶችንም ላፕቶፑ ላይ የሉዋ ኮምፓይለር በሆነው በሉዋክ ወደ ባይትኮድ ለውጠው አይውሰዱ። የሉዋ 5.1 ባይትኮድ ራስጌው ላይ የሳይዝቲን (በሲ መጠን የሚያዝበት የቁጥር ዓይነት) መጠን በባይት ይይዛል፤ በ64 ቢት ላፕቶፕ 8፣ በሰሌዳው 4 ስለሆነ «ባድ ሄደር» ብሎ ይመልስዎታል። ምንጩን እንዳለ ይውሰዱት፤ ባይትኮድ የግድ ካስፈለገም ሉዋክን ለሰሌዳው ኮምፓይል አድርገው እዚያው ያስኪዱት።