ከአዳማ ሙቀት ወደ በቆጂ ውርጭ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄና መልስ

የገና በዓል እየደረሰ ነው። ከአዳማ ወደ አርሲ ዘመድ ጥየቃ የምትወጡ ብዙዎቻችሁ ዘንድሮ የኤሌክትሪክ መኪና ይዛችኋል። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል ይባላል። በቆጂ ደርሼ እመለሳለሁ?

ባትሪዎ ከሞላ ያለ ችግር ይደርሳሉ። ደግሞም ከብርዱ ይልቅ ዳገቱን ያስቡ። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ በቆጂ 2,800 አካባቢ። 2 ቶን መኪና ያን ከፍታ ለማውጣት ብቻ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ባትሪዎ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ከአስር እጅ አንዱን ዳገቱ ወሰደው ማለት ነው። ሲመለሱ አብዛኛውን ቁልቁለቱ ይመልስልዎታል። ሻጩ የነገረዎትን ኪሎሜትር ግን አይመኑ። የቻይና መኪኖች የሚለኩበት ሲኤልቲሲ የሚባለው ፈተና ቁጥሩን ያበዛል።

ጥያቄ፦ ሂተር ልክፈት ወይስ ጋቢ ልልበስ?

ሁለቱንም! ሂተሩ ሲነሳ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ሊስብ ይችላል። የወንበር ማሞቂያ ግን ከ100 ዋት ብዙም አይዘልም። ወንበሩን ያሙቁ፣ ሂተሩን ቀነስ ያድርጉ። መስታወቱ ጉም ከያዘ ግን ለባትሪ ብለው እንዳይሰስቱ፤ መንገዱን ማየት ይቀድማል።

ጥያቄ፦ በቆጂ አድሬ ጠዋት ስነሳ መኪናው እንደ ወትሮው አልያዝ አለኝ። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ፍሬኑ ተበላሽቶ ይሆን?

ይሄን ሁላችሁም አንብቡት። በሌላ ጊዜ እግርዎን ሲያነሱ መኪናውን የሚይዘው ሪጀን ነው፤ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ባትሪ እየመለሰ ያቀዘቅዘዋል። ውርጭ ያደረበት ባትሪ ግን ቻርጅ ቶሎ አይቀበልም፤ ስለዚህ መኪናው ራሱ ሪጀኑን ይቀንሰዋል። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላም እንደዚያው ነው፤ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም። ሁለቱ የሚገጥሙት ደግሞ ልክ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

የእግር ፍሬንዎ ደህና ነው፤ ግን ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ከላይ ከመነሳትዎ በፊት ቻርጁን 80 ወይም 85 በመቶ ላይ ያቁሙት። ከአሰላ በታች ቁልቁለቱን በዝግታ ይውረዱ። ፍሬኑን ረገጥ፣ ለቀቅ ያድርጉ እንጂ እግርዎን አስቀምጠውበት አይሂዱ፤ ይግላል።

ጥያቄ፦ ጎማስ?

ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ንፋሱ በ2 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ጠዋት፣ ሳይነዱ ይለኩት።

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ ብርድ የለም። እንግዲህ ባትሪዬ ምቹ ቦታ ነው ያለው?

እውነቱን ለመናገር ለባትሪ ዕድሜ ከውርጩ ይልቅ የአዳማ ፀሐይ ያሳስበኛል። ሙሉ ቻርጅ አድርገው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አያቁሙት። ብርዱ ጉልበቱን ለጊዜው ነው የሚቀንሰው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ኖርዌይ በረዶ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን እዚያ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቤት በተራ ሶኬት ቻርጅ ባደርግስ?

ይቻላል። እንደደረሱ፣ ባትሪው ገና ሳይቀዘቅዝ ይሰኩት። ለ8 ሰዓታት ተሰክቶ ከቆየ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያገኛሉ። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ግን በፍጹም! ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅዎ ይዳስሱት። ካቃጠለዎት ወዲያው ይንቀሉት፤ የእናትዎ ቤት መስመር አልቻለውም ማለት ነው።