በኤዲተር ውስጥ ስለሚያጋጥም የሞጁል ኢምፖርት ስህተት፦ ጥያቄና መልስ

በሐዋሳ ፕሮግራም ለምትጽፉና ለምትማሩ ወዳጆች፣ በሰብላይም ቴክስት፣ በቪምና በኒዮቪም (ኮድ መጻፊያ ኤዲተሮች ናቸው) ውስጥ ስለሚሠሩ የፓይተን ስክሪፕቶች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ሞጁል ማለት ሌላ ፕሮግራም ሊጠቀምበት የሚችል የፓይተን ኮድ ፋይል ነው፤ ኢምፖርት ማለት ደግሞ ያንን ፋይል ወደ ስክሪፕታችን መጥራት ነው።

ጥያቄ (ከአቶቴ ሰፈር)፦ ጋሼ፣ ሪኩዌስትስ የሚባለውን ላይብረሪ በፒፕ (በፓይተን ላይብረሪ መጫኛው) ጭኜዋለሁ፤ በተርሚናልም ይሠራል። ለሰብላይም ቴክስት 4 የጻፍኩት ፕለጊን (ለኤዲተሩ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ስክሪፕት) ግን «ኖ ሞጁል ኔምድ ሪኩዌስትስ» እያለ ይቆማል። ደጋግሜ አራግፌ ብጭነውም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፒፕ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ላይብረሪውን ያስቀመጠው ግን በኮምፒውተርህ ፓይተን ፎልደር ውስጥ ነው። ሰብላይም ቴክስት የራሱን ፓይተን ይዞ ስለሚመጣ ወደዚያ አይመለከትም። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመጫንህ በፊት በፕለጊኑ ፋይል መጀመሪያ ላይ ሲስ.ቨርዥንን (የፓይተኑን ቨርዥን) እና ሲስ.ፓዝን (ፓይተኑ ሞጁል የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) የሚያትሙ መስመሮች ጨምር፤ ፋይሉን ሴቭ አድርገህም ውጤቱን በኮንሶሉ (በሰብላይም የመልእክት መስኮት) አንብብ። በቀጥታ ኮንሶሉን እንዳትጠይቅ የምመክርህ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሰብላይም ቴክስት 4 ከነባሩ ፓይተን 3.3 ጎን 3.8ን ስለጨመረ፣ ኮንሶሉ የሚነግርህ ስለ አንዱ፣ ፕለጊንህ የሚሠራው ደግሞ በሌላው ሊሆን ይችላል። በፓኬጅህ ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ፓይተን-ቨርዥን» የሚባል ፋይል ፈጥረህ 3.8 ብለህ ካልጻፍክበት፣ ፕለጊኑ በ3.3 ይነሣል። በ3.3 ላይ ደግሞ ላይብረሪው ቢገኝ እንኳ ችግሩ አያበቃም፤ ኤፍ-ስትሪንግ (በጽሑፍ መካከል የተለዋዋጭ ዋጋ የሚያስገባ አጻጻፍ) የመጣው በ3.6 ስለሆነ፣ እርሱን የሚጠቀም ማንኛውም ሞጁል በሲንታክስ ስህተት ይወድቃል።

ፓይተኑ 3.8 መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ፣ ፒፕን «ታርጌት» በሚለው አማራጭ የሰብላይምን የዳታ ፎልደር፣ በውስጡም ሊብ፣ ከዚያም ፓይተን38 የሚለውን ፎልደር አመልክተው። «ፓይተን-ቨርዥን» በሚለው አማራጭ 3.8ን ንገረው፤ «ኦንሊ-ባይናሪ»ንም (ቀድሞ የተዘጋጀውን ብቻ አምጣ ማለት ነው) አብረህ ጻፍ። ከዚያ ኤዲተሩን ዘግተህ ክፈት።

ጥያቄ (ከታቦር ሰፈር)፦ ፕለጊኔን በሁለት ፋይል ከፈልኩት። ረዳቱ ፋይል አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ «ኢምፖርት» ስለው አይገኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰብላይም የሚፈልገው ፓኬጆቹ ሁሉ ከተቀመጡበት ፎልደር ጀምሮ እንጂ ከአንቺ ፓኬጅ ውስጥ ጀምሮ አይደለም። «ፍሮም» ብለሽ ነጥብ አድርጊና «ኢምፖርት» ከዚያም የረዳቱን ስም ጻፊ፤ ነጥቧ ፋይሉን እዚያው ፓኬጅ ውስጥ እንዲፈልግ ታዘዋለች። ረዳቱ በንዑስ ፎልደር ውስጥ ከሆነ እርሱን ብቻ ሴቭ ማድረግ እንደገና አያስነሣውምና፣ ያረምሽው ነገር ያልሠራ ሊመስልሽ ይችላል። ኤዲተሩን ዘግተሽ መክፈት ከብዙ ጥርጣሬ ያድንሻል።

ጥያቄ፦ ለቪም በፓይተንኤክስ ፎልደር (ቪም የፓይተን ሞጁሎችን በሚፈልግበት) ውስጥ ጄሰን የሚባል ሞጁል ጻፍኩ። ኢምፖርቱ ያልፋል፤ ፋንክሽኔ ግን የለም ይለኛል።

መልስ፦ ቪም የፓይተንኤክስ ፎልደሮችን የሚጨምረው በሲስ.ፓዝ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ የፓይተን የራሱ ጄሰን ቀድሞ ተገኝቷል። የፋይሉን ስም ለውጥ።

ጥያቄ (ከአንድ ተማሪ)፦ በዊንዶውስ ላይ ጂቪም (በራሱ መስኮት የሚከፈተው ቪም) «ኢ370» ብሎ የፓይተን ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የዊንዶውስ የኮድ ፋይል) መጫን አልቻልኩም ይላል። የጎደለኝ የትኛው ሞጁል ነው?

መልስ፦ የጎደለ ሞጁል የለም፤ ቪም ያጣው ፓይተንን ራሱን ነው። በቪም ውስጥ «ቨርዥን» የሚለውን ትእዛዝ ስጥና የሚፈልገውን የዲኤልኤል ስም አንብብ፤ ፓይተን311 ቢል 3.11ን ይፈልጋል ማለት ነው። ባለ 64 ቢት ቪም ባለ 32 ቢት ፓይተንን ስለማይጭን ይህንንም አመሳስል። ፋይሉ ሌላ ቦታ ከሆነ «ፓይተንስሪዲኤልኤል» በሚለው ኦፕሽን ሙሉ አድራሻውን ስጠው።

ጥያቄ፦ ኒዮቪምስ? ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ሥራ ብቻ የተለየ የፓይተን ፎልደር) ስከፍት ፕለጊኖቼ መሥራት ያቆማሉ።

መልስ፦ ኒዮቪም ፓይተንን በውስጡ አይዝም፤ በውጭ ያለውን ያስነሣና ፓይኤንቪም በሚባል ላይብረሪ ይነጋገረዋል። የከፈትከው ኢንቫይሮመንት ያ ላይብረሪ ስለሌለው ግንኙነቱ ይቋረጣል። ለኤዲተሩ ብቻ የሚሆን ኢንቫይሮመንት አዘጋጅተህ ፓይኤንቪምን ጫንበትና፣ አድራሻውን «ፓይተን3 ሆስት ፕሮግ» በሚለው ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጥ። «ቼክኸልዝ» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን ፓይተን እንደያዘ ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ቤት ኢንተርኔት ስለሌለኝ ነምፓይን (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ ነው) ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት በፍላሽ አመጣሁት። ሰብላይም ውስጥ አግኝቶትም «ዲኤልኤል ሎድ ፌይልድ» ወይም ተመሳሳይ ስህተት ይሰጠኛል።

መልስ፦ ነምፓይ ከፊሉ በሲ ቋንቋ ተጽፎ ለአንድ የፓይተን ቨርዥን የተዘጋጀ ነው። ያወረድከውን የዊል ፋይል (ለመጫን የተዘጋጀ የላይብረሪ ጥቅል) ስም ተመልከት፦ ሲፒ312 ካለ ለ3.12 ነው፤ አንተ የምትፈልገው ሲፒ38ን ነው። ከስሙ መጨረሻ ያለው የዊንዶውስና የቢት ምልክትም ከአንተ ኮምፒውተር ጋር መስማማት አለበት። በሚቀጥለው ጊዜ ኢንተርኔት ቤት ስትሄድ «ፒፕ ዳውንሎድ»ን ተጠቅመህ ቨርዥኑንና «ፕላትፎርም»ን ራስህ ግለጽለት፤ ካልገለጽክለት ለኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር የሚስማማውን ያወርድልሃል።