አስፋልቱን ከድኖ ሁለቱን ሰፈር ማገናኘት፦ ከደብረ ማርቆስ ለተነሣው ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት። የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋና አስፋልት ደብረ ማርቆስን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል፤ ተማሪውም ገበያተኛውም በቦቴና በሲኖትራክ መካከል እየሮጠ ይሻገራል። ዳላስ ላይ አውራ ጎዳና ከድነው መናፈሻ እንደሠሩበት አይቶ፣ «እኛስ ከድነን በላዩ የአውቶቡስና የታክሲ ፌርማታ ብናደርግበት?» ይላል። የጠያቂው ጭንቀት የሁላችንም ነው፤ ስለዚህ በቁጥር ልመልስ።

ከሁሉ በፊት መንገዱ ያለበትን ከፍታ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የዳላሱ ክላይድ ዋረን መናፈሻ 2 ሄክታር ገደማ ነው፤ የተከደነው ጎዳና ግን ቀድሞውኑ ከከተማው ወለል በታች በቦይ ውስጥ የሚሄድ ነበር። ሰዎቹ ያደረጉት ከግድግዳ ግድግዳ ተሸካሚ ቢም (አግዳሚ ኮንክሪት) መዘርጋት ነው። ቦስተን በድልድይ ላይ ይሄድ የነበረውን መንገድ አፍርሳ ከመሬት በታች ስታስገባው ወጪው ከ14 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ቁፋሮው ነው።

የእኛ አስፋልት ከሱቁ በረንዳ እኩል ነው የሚሄደው። ለመክደን መጀመሪያ መንገዱ መውረድ አለበት። ለጭነት መኪና ከ5 ሜትር የማያንስ ክፍት ከፍታ፣ ለቢሙና ለወለሉ 1.3 ሜትር ገደማ፣ በላዩ ለአፈርና ለንጣፍ እስከ 1 ሜትር፣ ከታች ለአስፋልቱና ለመሠረቱ ሌላ ግማሽ ሜትር፤ ድምሩ 8 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የጫነ መኪና እንዳይንተፋተፍ ቁልቁለቱን 5 በመቶ ብታደርገው 8 ሜትር ለመውረድ 160 ሜትር ይፈጃል፤ የመግቢያና የመውጫው ጉብታ ሲለሰልስ በየጎኑ 220 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ እዩት፦ 60 ሜትር ክዳን ለማግኘት ግራና ቀኝ 440 ሜትር ገደል ትቆፍራላችሁ። ዛሬ በየትኛውም ቦታ በአደጋም ቢሆን የሚሻገረው ሰው ነገ በአጥር ይቆማል። ሰፈር እናገናኛለን ተብሎ የተጀመረው ሥራ ሰፈር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በጎን ያሉ ሱቆችና ግቢዎች መግቢያ ስለሚያጡ የውስጥ መንገድም ይፈልጋሉ፤ ቦዩ 22 ሜትር፣ የጎን መንገዱና እግረኛው 9 ሜትር በዚህ፣ 9 ሜትር በዚያ፤ 40 ሜትር ወሰን ማለት ነው። ወሰን ማስከበሩና ካሳው ከሲሚንቶው ይበልጣል።

ስለዚህ ክዳን የሚያዋጣው መንገዱ ራሱ ኮረብታ ሰንጥቆ ያለፈበት ቦታ ላይ ነው። ከከተማችሁ መግቢያ እስከ መውጫ በእግር ሂዱና በሁለቱም ጎን መሬቱ ከአስፋልቱ ቢያንስ 4 ሜትር ከፍ ያለበት ቦታ ካለ ምልክት አድርጉበት። የቀረውን 4 ሜትር መቆፈር ሌላ ሒሳብ ነው፤ መወጣጫውም በግማሽ ያጥራል።

ሁለተኛው ውሃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸውም በእሱ ነው። ሁለቱ ቁልቁለቶች 10,000 ካሬ ሜትር ወለል አላቸው እንበል። በክረምት በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ ቢመጣ በአንድ ሰዓት 500 ሜትር ኩብ ውሃ ከታች ይጠራቀማል፤ በሴኮንድ 140 ሊትር ገደማ። ከተማው ተዳፋት ከሆነና በቅርብ ከ8 ሜትር በላይ የሚወርድ ሸለቆ ካለ በቱቦ በራሱ እንዲፈስ ማድረግ ይቻላል፤ ማርቆስ ላይ ይህ የሚገኝ ነው። ካልሆነ ፓምፕ፣ ተለዋጭ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ያው ዶፉ ሲወርድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ጉዳዩ ይከብዳል፦ ሜዳ ነው፣ ሐይቁ አጠገብ ነው፣ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። የቦዩ ወለል ከውሃው 4 ሜትር ከጠለቀ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 4 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ 1 ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት የሚመዝነው 2.5 ቶን ብቻ ነው። ወለሉ እንደ ታንኳ ሊነሣ ይፈልጋል።

ጥቁር ዋልካ ባለበት ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ ያንኑ አፈር መልሶ መሙላት ስሕተት ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውን በየዓመቱ እየገፋ ያጋድለዋል። ከጀርባው ሰሌክት (የተመረጠ፣ የማያብጥ አፈር) ወይም ጠጠር ይሞላ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበር፣ ግድግዳው ላይም የውሃ መተንፈሻ ይተው።

ክብደቱን በተመለከተ ሰዎች የሚፈሩት አውቶቡሱን ነው፤ የሚከብደው ግን አፈሩ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ላይ 1 ሜትር እርጥብ አፈር 200 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ሰው የሞላው 12 ሜትር አውቶቡስ 18 ቶን ነው። ዳላሶች ዛፍ ለመትከል በቢሞቹ መካከል ቦይ ትተው ሥሩን እዚያ አስገቡት፣ ክብደት ለመቀነስም ቀላል ፎም ሞሉበት። ለእኛ የምመክረው፦ ክዳኑ ላይ አውቶቡስ፣ ድንጋይ ንጣፍና ቀጭን ሣር ይሁን፤ ዋንዛውና ወይራው ከግድግዳው ውጭ በተፈጥሮ መሬት ላይ ተተክሎ ጥላውን ወደ ክዳኑ ይጣል። የአውቶቡሱ ወለል ግን እንደ ማንኛውም የመኪና ድልድይ ይሰላ፤ «መናፈሻ ነው» ተብሎ በእግረኛ ጭነት የተሰላ ወለል ላይ በኋላ ታክሲ ማስገባት አይቻልም።

የውሃ መከላከያው ከመሸፈኑ በፊት ዙሪያውን ተገድቦ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይተኛበት፣ 48 ሰዓት ይቆይ፣ ከታች ጣሪያው ይታይ። በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር መከላከያ ኮንክሪት ይደረግ፤ ወለሉም ወደ ማፍሰሻው 2 በመቶ ያዘንብል። ክዳኑ ላይ ገበያ መቆሙ ስለማይቀር ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስቡ፦ ነጋዴ የላስቲክ ዳሱን ለመወጠር ብረት በመዶሻ ይቸነክራል፤ አንዱ ችንካር የውሃ መከላከያ ቅጥራኑን ከበሳው ውሃው የሚወጣው ሌላ ቦታ፣ 6 ሜትር ርቆ ነው፤ ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው። ከመነሻው በየ3 ሜትሩ የዳስ ምሰሶ መሰኪያ ቱቦ ከኮንክሪቱ ጋር ይቀበር።

ርዝመቱን ከ90 ሜትር በታች አድርጉት። ክዳን በረዘመ ቁጥር እንደ ዋሻ ይቆጠራል፤ የጭስ ማውጫ ማራገቢያ፣ የእሳት ማጥፊያ ውሃ፣ የማምለጫ በር ይከተላል። የነዳጅ ቦቴ በሚያልፍበት መንገድ ይህ ቀልድ አይደለም። ቁፋሮውም ከጥቅምት ተጀምሮ ግድግዳውና ወለሉ ግንቦት ሳያልቅ መያዝ አለበት፤ ተከፍቶ ሰኔ የገባበት ጉድጓድ ጎረቤቱን ቤት ይዞ ይወርዳል።

አሁን ወደ ትራንስፖርቱ። ክዳን ኖረም አልኖረም ሰፈር የሚገናኘው ሰው በሚሻገርበት ቦታ ላይ ፌርማታው ሲገኝ ነው። ደረጃ ያለው የእግረኛ ድልድይ መልስ አይሆንም፦ 6.5 ሜትር ለመውጣት 40 ደረጃ ነው፣ አህያ አይወጣውም፣ እንሥራ ያዘለች እናትም ከሥሩ ትሻገራለች። ተዳፋት ቢሠራለት እንኳ ማረፊያው ሳይቆጠር 78 ሜትር መሄጃ ይፈልጋል፣ በአንድ ጎን ብቻ።

በዚህ ዓመት ሊሠራ የሚችለው ከፍ ያለ መሻገሪያ ነው። ከአስፋልቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጠፍጣፋው 5 ሜትር፣ በሁለቱም ጎን መወጣጫው 2 ሜትር፣ መሐል ላይ ቢያንስ 2 ሜትር፣ በገበያው በር 3 ሜትር ስፋት ያለው ማረፊያ ደሴት። በኮንክሪት ይሁን፤ በአስፋልት የተሠራው በከባድ መኪና ጎማ ተገፍቶ ይሸበሸባል። በላይኛው ጠርዝ ውሃ ስለሚተኛ ከሥሩ ቱቦ ይለፍ። ወደ እሱ የሚመጣ መኪና ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ከ50 ሜትር በፊት ጀምሮ መንገዱ ይጥበብ።

ፌርማታው ከዜብራው 15 ሜትር አልፎ ይሁን። ከዜብራው በፊት የቆመ አውቶቡስ የሚሻገረውን ልጅ ከኋላ ለሚመጣው መኪና ይሸፍነዋል። ባጃጁ ዋናው አስፋልት ዳር ሳይሆን ወደ ውስጥ 20 ሜትር ገባ ብሎ ተራውን ይያዝ፤ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው መንገድ ሳይሻገር እንዲያገኘው በሁለቱም ጎን ተራ ይኑር።

የጭነት መኪናውን ከመሐል ከተማ የሚያወጣው ክዳን ሳይሆን ከተማውን በዳር የሚዞር ማለፊያ መንገድ ነው። ማለፊያው ሲሠራ ዳርና ዳሩ ለሱቅ እንዳይመራ ካሁኑ ጠይቁ፤ ከተመራ በጥቂት ዓመት ሁለተኛ ስንጥቅ ይሆናል።

ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በአንድ የገበያ ቀንና በአንድ የትምህርት ቀን፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ በየ100 ሜትሩ አንድ ሰው ቆሞ የሚሻገረውን ይቁጠር፤ ሸክም የያዘውን፣ ልጁን፣ ከብት የሚነዳውን ለየብቻው። ሦስቱን ትልልቅ ቁጥሮች ካርታ ላይ አድርጉና፣ ከጎናቸው የመሬቱን ከፍታ ልዩነት ጽፋችሁ እዚህ ለጥፉት፤ የትኛው ክዳን፣ የትኛው መሻገሪያ እንደሚሆን አብረን እናየዋለን።