ሲስተም ስናሳድግ ኮንፊጋችን የት ይሄዳል? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ከሊኑክስ ሲስተሙ ኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 ለመሻገር ያሰባችሁ፣ ስለ ኮንፊጋችሁ (ፕሮግራሞች ስለሚያነቧቸው የማስተካከያ ፋይሎች) ጠይቁ። እዚሁ ባሕር ዳር ሰርቨር ነው የማስተዳድረው፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከፖሊ ካምፓስ)፦ ጋሼ፣ አፕግሬዱ መሃል ላይ ቆሞ «የፓኬጁን (የፕሮግራሙ ጥቅል ይዞት የመጣውን) አዲስ ፋይል ልጫን ወይስ የአንተን ልተው?» አለኝ። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ «ዲ»ን (D) ተጫንና ልዩነቱን አንብብ። ይህ የሚጠየቀው ፋይሉን አንተም ነክተኸው፣ አዘጋጆቹም ለውጠውት ሲገኝ ብቻ ነው። ዝም ብለህ ኢንተር ካልክ ያንተው ይቀራል፤ አዲሱ በ«ዲፒኬጂ-ዲስት» (.dpkg-dist) ቅጥያ አጠገቡ ይቀመጣል። የእነሱን ከመረጥክ ያንተው «ዲፒኬጂ-ኦልድ» (.dpkg-old) ይሆናል። የትኛውንም ብትመርጥ ሌላው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ እኔ ሁሉንም «የኔን ተው» ብዬ ጨረስኩ። ግን ፒኤችፒ (ድረ-ገጽ የሚሠራበት ቋንቋ) ላይ ከፍ ያደረግኩት የፋይል መጫኛ ገደብ ወደ 2 ሜጋባይት ወረደ። ማን ደመሰሰው?

መልስ፦ ማንም አልነካውም። 22.04 የሚመጣው ከፒኤችፒ 8.1 ጋር ነው፣ 24.04 ከ8.3 ጋር። ኮንፊጋቸው በየቁጥራቸው በተለያየ ፎልደር ይቀመጣል። ያንተ ማስተካከያ 8.1 ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ሰርቨሩ የሚያነበው 8.3ን ነው። ለሲስተሙ አዲስ ፋይል ስለሆነ ምንም አይጠይቅህም። እኔ ከጥያቄው ይልቅ የምፈራው ይሄን ዝምታ ነው። አሮጌውን ፋይል ግን እንዳለ አትገልብጠው። የለወጥካቸውን መስመሮች ብቻ በአንድ ትንሽ ፋይል ጽፈህ 8.3 ሥር ባለው «ኮንፍ-ዲ» (conf.d) ፎልደር አስቀምጥ፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቆያል፣ የሚቀጥለው አፕግሬድ ሲመጣም ምን እንደቀየርክ ከአንድ ቦታ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ጣና ዳር ካለ ሆቴል)፦ ሰርቨሩ ሆቴሉ ውስጥ ነው፣ እኔ ከቤቴ በኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከርቀት በሚያስገባው) ነው የምገባው። ውጪ ብቀርስ?

መልስ፦ ሊያጋጥም ይችላል፣ እህቴ። አፕግሬዱ በፖርት 1022 ተጠባባቂ ኤስኤስኤች ይከፍታል፤ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ካለሽ ግን እሱን ማሳለፍ ያንቺ ሥራ ነው። ከመውጣትሽ በፊት «ኤስኤስኤችዲ -ቲ» (sshd -t) ብለሽ ኮንፊጉን ፈትሺ፣ በሌላ ተርሚናልም ገብተሽ ሞክሪ። ከቻልሽ ሆቴሉ ድረስ ሂጂ፤ ማኪያቶውም እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ቢሄድስ?

መልስ፦ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) አትጀምር።

ጥያቄ፦ ባክአፕ ለመያዝ ኢቲሲ ፎልደርን (/etc፣ ኮንፊጎቹ የሚቀመጡበትን) መቅዳት ይበቃል?

መልስ፦ ለኮንፊጉ አዎ፤ ዳታቤዙን ለብቻው ያዝ። ከመቅዳት በተጨማሪ ኢቲሲኪፐርን ጫን፤ ፓኬጅ ከመጫኑ በፊትና በኋላ ለውጡን በጊት (የፋይል ለውጥ መዝጋቢ) ይመዘግባል። ግን መዝገቡ ውስጥ የይለፍ ቃል ስላለ ሕዝብ የሚያየው ቦታ እንዳትልከው።

ጥያቄ፦ ፌዶራ (ሌላው ሊኑክስ) ላይስ?

መልስ፦ እሱ አይጠይቅም። ፋይሉ በፓኬጁ «ኖሪፕሌስ» (noreplace፣ አትተካ) ተብሎ ከተመዘገበ ያንተው ይቀራል፣ አዲሱ በ«አርፒኤምኒው» (.rpmnew) ቅጥያ ይቀመጣል። ካልሆነ አዲሱ ይገባና ያንተው «አርፒኤምሴቭ» (.rpmsave) ይሆናል። ሲያልቅ ሁለቱንም ቅጥያዎች ኢቲሲ ውስጥ ፈልግ።