የተበሳውን የነዳጅ ታንክ ብየዳ አያስነኩት
የአሮጌው ሃይሉክስዎን የጭነት ወለል ሲሰረስሩ ከሥሩ ያለውን የቤንዚን ታንክ እንደበሱትና ፍኖተ ሰላም ላይ በብየዳ ሊያስደፍኑት እንዳሰቡ ለጻፉልን ወንድሜ፦ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ነዳጁ ወጥቶለት ባዶ የሆነ ታንክ ከሞላው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በአንዲት ፍንጣሪ ይፈነዳል።

ቀዳዳው ከላይ በኩል ስለሆነ ታንኩ ካልሞላ በቀር ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ነገር ግን ትነቱ ይወጣበታል፣ በጎጃም ክረምት ደግሞ ውኃ ይገባበታል። ስለዚህ የባትሪውን ነጋቲቭ ገመድ ነቅለው፣ ነዳጁን በደጅ፣ ከማንኛውም እሳት ርቀው ቀድተው ያውጡና ታንኩን ያስወርዱ። ብዙዎች የሚዘነጉት የመሰርሰሪያው ፍቅፋቂ ወደ ውስጥ መውደቁን ነው። እኔ እንዲህ የተበሳ ታንክ አጥቤ ነጭ ጨርቅ ላይ ስገለብጠው እንደ ፀጉር የተጠቀለለ ስስ ብረት ወጥቷል፤ ያ ቢቀር ኖሮ የነዳጁን ፊልትሮ በደፈነው ነበር።

ታንኩ ታጥቦ በሚገባ ሲደርቅ የቀዳዳውን ዙሪያ በእጅ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፈግፍጉትና ነዳጅ የሚቋቋም፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ኤፖክሲ ማጣበቂያ ይለጥፉበት፤ ነዳጅ ከመሙላትዎ በፊትም ቢያንስ 24 ሰዓት ይታገሡ። በቀዳዳው ላይ ደረቅ ሳሙና መጠቅጠቅ የሚጠቅመው ጋራዥ እስኪደርሱ ብቻ ነው።