የአሮጌ ኮምቢ ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራች ቮልስዋገን ኮምቢ አለችኝ። ከኋላዋ አልጋና አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ተገጥሞላት ለቤተሰብ ጉዞ የተሰናዳች ስትሆን፣ ሞተሯ ባለ 1,600 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ጠዋት ሲነሣ በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥሳል፤ ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሣ ደግሞ ማርሚታው ውስጥ ይፈነዳል። ፍጥነት ከያዘች በኋላ ግን ደህና ትሄዳለች። ካንዴላዎቹ ተቀይረዋል፣ ካርቡሬተሩም በተደጋጋሚ ታጥቧል። አሁን መካኒኩ ካርቡሬተሩ በአዲስ ይተካ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካርቡሬተሩን ገና አይግዙ። ሞተሩ በሚኒሞ እየተንቀጠቀጠ ፍጥነት ሲይዝ መስተካከሉ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ከካርቡሬተሩ በታች በአንድ ቦታ ትርፍ አየር እየገባ መሆኑን ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቅ የሚገባው አየር የቤንዚንና የአየር ድብልቁን በእጅጉ ያሳሳዋል፣ ማለትም ቤንዚኑን ያሳንሰዋል፤ በፍጥነት ሲዞር ግን ያው ትርፍ አየር ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሚሆን ጉዳቱ አይታወቅም። በካርቡሬተር በኩል ማስነጠስም የሳሳ ድብልቅ የተለመደ ጠባይ ነው። የማርሚታው ፍንዳታ በጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ላይ ያለ ጓርኒሲዮን ሲያስተነፍስም ስለሚመጣ፣ እሱንም አብረው ያስመርምሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የቤንዚን ቱቦዎቹን በእጅዎ ጎንበስ አድርገው ይመልከቱ። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ካገኙ ሞተሩን ሳያስነሡ ይቀይሩት። የእነዚህ መኪኖች ሞተር ከኋላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ከቱቦ የሚንጠባጠብ ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ኮምቢዎች የተቃጠሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆች የሚተኙባትና የጋዝ ሲሊንደር የምትይዝ መኪና ላይ ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ የቫልቮቹን ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን፣ ያስለኩ። ልኩ በዚህ ሞተር ላይ ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ቢቻል መኪናዋ ካደረች በኋላ ጠዋት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት ቫልቭ ሲንኳኳ ደንግጠው ዝም ሲል ስለሚረኩ ነው። የሚያሰጋው ዝም ያለው ቫልቭ ነው፤ ክፍተቱ ጠብቦ ካለቀ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ እምቅ አየር ያመልጣል፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ውሎ አድሮም ቫልቩ ይቃጠላል። በተለይ የሦስተኛውን ሲሊንደር ማስወጫ ቫልቭ ይከታተሉት፤ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሞቀው ይህ ሲሊንደር ነው። የእምቅ ግፊት መለኪያ ካገኙ አራቱንም ይለኩ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቁጥሩ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ቢያንስ አይደንግጡ፤ መመልከት ያለብዎት በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ከዚያ የፑንቲናውን (የእሳት መቆራረጫውን) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላዎቹን 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድርጉ። ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ካንዴላ ሲቀየር ሁለት ገመዶች ተለዋውጠው መገጠማቸው የተለመደ ስለሆነ ይህን ማረጋገጥ አይናቁ። የማቀጣጠያው ጊዜ እንደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳት አከፋፋዩ) ዓይነት ስለሚለያይ፣ በመኪናዋ ላይ ያለው የቀድሞው ይሁን በኋላ የተተካ ሳይታወቅ በግምት የሚያስተካክል ሰው አያስነኩ።

አሁን ወደ አየሩ እንመለስ። በዚህ ሞተር ላይ ከካርቡሬተሩ የሚወርደው ቧንቧ በግራና በቀኝ ከቴስታታዎቹ (ከሲሊንደሮቹ ክዳኖች) ጋር የሚገናኘው በጎማ ማያያዣዎች ነው፤ እነዚህ ጎማዎች በሙቀት ይደርቃሉ፣ ከሥራቸውም ይሰነጠቃሉ፣ ከላይ ሲታዩ ግን ደህና ይመስላሉ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ በጎማዎቹና በካርቡሬተሩ መቀመጫ ዙሪያ ጥቂት ውኃ ይርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ክፍተቱን አገኙት ማለት ነው። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ፤ እጅግ አደገኛ ስለሆነ አይፍቀዱ። ካንዴላዎቹን ሲፈቱ በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ ነጣ ብለው የሌላው ወገን ቡናማ ከሆኑ፣ የነጣው ወገን ጎማ ያስተነፍሳል። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውንም ቱቦ ለአፍታ ቆንጥጠው ይሞክሩት።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው የካርቡሬተሩ ተራ የሚደርሰው። ቁልፉ ሲከፈት በጎኑ ያለው የሚኒሞ ኤሌክትሪክ ቫልቭ ጠቅ ማለት አለበት፤ ካላለ ገመዱን ወይም ራሱን ቫልቩን ይቀይሩ። ሚኒሞው የሚስተካከለው በጎኑ ባለው ትልቁ ብሎን ነው፤ በነዳጅ መስጫው ክንድ ላይ ያለችውን ብሎን አጥብቆ ሚኒሞ ማስነሣት ግን ብልሽቱን ከመሸፈን ያለፈ ጥቅም የለውም። የካርቡሬተሩ ዘንግ በእጅ ሲነቀነቅ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የመካኒክዎ ምክር ትክክል ይሆናል።

በመጨረሻም ስለ ከፍታው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ለቆላ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ አንዳንድ ጋራዦች ጂግለሩን (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ ያለው ብሎን) በአነስተኛ ይተኩታል፤ ሥራው ተገቢ ነው። ሆኖም ያንኑ ጂግለር ይዘው ከፍታው 1,000 ሜትር ወደሚጠጋው ወደ አዋሽ ሲወርዱ፣ ቀድሞውንም ሙቀት ባለበት ቦታ ድብልቁ ሳስቶ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። መካኒክዎ ጂግለሩን ቀይሮት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ቀይሮት ከሆነ የቀድሞውን አስመልሰው በመሣሪያ ሳጥንዎ ውስጥ ይያዙት፣ ቁልቁል ከመውረድዎ በፊትም ያስገጥሙት።